ሁለት አዛን፣ አንድ ጫማ

«አዛኑ ሁለቴ ነው የተባለው እያልኩሽ፣ ኤዶ።»

«ሁለቴ የሰማው ያንተ ጆሮ ነው። ሙአዚኑ ምን በወጣው።»

«የመጀመሪያውን ሰምቼ ቴምሩን ጎረስኩ። ፍሬውን ሳልተፋ ሌላ አዛን። ያንን ሙአዚን አላህ ይጠይቀው፣ ጾሜን አስበላኝ።»

«ዋርያ፣ እኔ ሰው ሞቶብኛል፣ አንተ ስለ ቴምር ታወራኛለህ?»

ኢንስፔክተር ዐናብ በሩን ተደግፋ፣ መፋቂያዋን ካንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዞረች፣ ሁለቱ እስኪደክማቸው ጠበቀች። እሷ ሰው ሲጨቃጨቅ አታቋርጥም። ሰው ሲጠየቅ ይዋሻል፣ ሲጨቃጨቅ ግን እውነት ያመልጠዋል ባይ ናት። አለቆቿ ይሄን ስንፍና ይሉታል።

ሁሉም ኤዶ፣ አክስት እንደማለት፣ የሚላት ናስትሆ ጅግጅጋ ውስጥ ይቺን ባለ አንድ ፎቅ ፔንሲዮን፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ፣ በምላሷ ብቻ የምታስተዳድር ሴት ናት። ሰውየው ዐብዱልቃድር ነው። ከጉናጋዶ ፍየል ይዞ መጥቶ፣ ፍየሉን ሸጦ፣ ከረመዳን በኋላ የምትጾመውን የሸዋልን ጾም እዚሁ ልጨርስ ብሎ የተቀመጠ እንግዳ። ሌሎቹ እንግዶች ጎህ ሲቀድ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ወጥተዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከፎቅ ላይ ፊሽካ ሰማን ነው የሚሉት።

«ፊሽካ የሚነፉት ሰውዬ ሬሳ ክፍል ናቸው» አለች ናስትሆ። «ታዲያ ማን ነፋው? እኔ ነኝ የነፋሁት?»

ሳጅን ባሬ ካቴናውን እንደ ቁልፍ ማንጠልጠያ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ከደረጃው ወረደ።

«አለቀ እኮ ኢንስፔክተር። ጽዳቷ ናት፣ ፌኔት የምትባለው። ልውሰዳት?»

«ካቴናውን ኪስህ ክተተው። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ይዝግብሃል።»

«ነገሩ ግልጽ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ሽማግሌው ፊሽካ ሲነፉ ሁሉም ሰምቷል። በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፎቅ የወጣችው እሷ ብቻ ናት። ወጣች፣ ጮኸች፣ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ በትራስ ታፍነው ነው ብሏል። ዕቃቸውም እሷ አልጋ ሥር ተገኝቷል።»

«ምን ዕቃ?»

«ጫማ።»

«ጥንድ?»

ባሬ አንገቱን አከከ። «አንድ እግር።»

«አንድ እግር ጫማ የምትሰርቅ ሌባ ካገኘህ፣ ባሬ፣ እስር ቤት ሳይሆን ሐኪም ጋ ነው የምትወስዳት» አለችና ወደ ፎቅ ወጣች።

የሟቹ ክፍል ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ናት። አባባ ገብረክርስቶስ ዕድሜያቸውን አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ የኖሩ፣ ባቡሩ መምጣት ካቆመ በኋላም ባንዲራቸውን እያጠቡ ሲያሰጡ የከረሙ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ቀለምወርቅ ጅግጅጋ ሲነግድ ቆይቶ፣ በበርበራ በኩል ባሕር ተሻገረ ተባለና ወሬው ጠፋ። አባት ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ በመጨረሻ ሞት ልጃቸውን ቀድሞ እንዳይመጣባቸው ፈሩና አውቶቡስ ተሳፈሩ። ብቻቸውን ትልቅ ከተማ ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነው። ያገኙትን ሁሉ ሰላም ሲሉ ጉሮሯቸው ደረቀ። አስፋልት ለመሻገር አንድ ሰው ባንዲራ እስኪያውለበልብላቸው ቆመው ይጠብቁ ነበር አሉ፤ ባጃጁ ሁሉ እየሰደባቸው ያልፋል። አመሻሽ ላይ ግን፣ የመግሪብ አዛን ሲጀምር፣ መስኮቱን ከፍተው የነሐስ ፊሽካቸውን ይነፋሉ። ድሮ ባቡሩ አዲጋላ የሚገባው በዚያ ሰዓት ነበር። ቀለምወርቅም በልጅነቱ ያንን ፊሽካ ሲሰማ፣ የትም ይሁን የት፣ እያነከሰ ሮጦ ይመጣ ነበር።

ፊሽካው መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ዐናብ አንስታ ኪሷ ከተተችው። ቀዝቃዛ ነው፣ ከክፍሉም ይቀዘቅዛል። ከዚያ አልጋውን አየች። በግድግዳው በኩል አንሶላው ተመዝዞ ወጥቷል፣ ፍራሹም ተንጋዷል፤ ሰው እጁን ከሥሩ አስገብቶ የሆነ ነገር የፈለገ ይመስላል።

«መቼ ሊሄዱ ነበር?» ብላ በደረጃው ቁልቁል ጮኸች።

«ሐሙስ» አለች ናስትሆ ከታች።

ፌኔት ወጥ ቤት ውስጥ የታጠበ ቴርሞስ ደግማ ታጥባለች። የባቢሌ ልጅ ናት።

«አልሰረቅኩም፣ ወላሂ። እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ከተማ ሌባ ይበዛል ብለውኛል፣ አንቺ ጠብቂልኝ አሉኝ። ትናንት ጠዋት በነጠላቸው ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን አቅፈውት መጡ። ‹የልጄን እግር አገኘሁ› አሉኝ። እኔ የዕድሜ ነገር መስሎኝ እሺ አልኳቸው።»

ዐናብ ጫማውን አገላበጠችው። የግራ እግር ነው። ሶሉ እንደ ጡብ ወፍራም፣ ከባቡር ፉርጎ መጋጫ ጥቁር ላስቲክ ተቆርጦ በእጅ የተመታ። አንድ እግሩ ላጠረ ሰው የተሠራ።

«ከየት አመጣሁት አሉሽ?»

«ከጋሽ መልአክ ሱቅ ነዋ። ጋሽ መልአክ የልጃቸው የንግድ ሸሪክ ነበር። ከሰዓት መጥቶ ሁሉንም ይነግረኛል ብለው፣ ጺማቸውን ተላጭተው ጠበቁት።»

«መጣ?»

«መጣ። እሳቸው ጋ ወጣ፣ ቆይቶ ወረደና ‹ደክሟቸው ተኝተዋል፣ አትቀስቅሷቸው› አለን። ከዚያ እታች ከኤዶ ጋ ሲጫወት ዋለ። ፊሽካው ሲነፋ ‹አባባ ነቁ› ብሎ ሳቀ። እኔም ሻይ ሳላፈላ ራታቸውን ይዤ ወጣሁ።»

«ምን አየሽ?»

«እጃቸውን ነካኋቸው። እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጮህኩ። ጋሽ መልአክ ሮጦ መጣና ላያቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ፣ ፍራሹን እየቧጠጠ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌሊት የሚነፉት እኔን ሊከሱ ነው? መጨረሻ የነካኋቸው እኔ ነኝ።»

«መልአክ ፊሽካውን ሲነፉ አይቷቸው ያውቃል?»

«ባለፈው በስልኩ ቀድቷቸዋል፣ ለማስታወሻ ብሎ። ‹ዛሬስ አርቲስት ሆንኩ› እያሉ ሲስቁ ነበር።»

ስሙ መልአክ የሆነው ሰውዬ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ታይዋን ገበያ ጫማ ይሸጣል። ቀብሩን ለማስፈጸም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊሮጥ ነው፣ ቸኩሏል።

«ምስኪን አባባ። እንደ አባቴ ነበሩ። ልጅቷን ግን አትጨክኑባት፣ ድህነት ነው።»

«ጅግጅጋ ቆየህ?»

«እዚሁ ነው ያረጀሁት። ቤቴ ከመስጊዱ ጋር ግድግዳ ይጋራል።»

«ትናንት ፖሊስ የጠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ በራሴ ስልክ። ለምን?»

«ለማመስገን» አለች። «ሲመሻሽ ና፤ ቃል ትፈርምና ልጅቷን እንወስዳታለን። ስልክህን ደግሞ እንዳትዘጋ፣ ሐኪሙ ሊደውልልህ ይችላል።»

መልአክ ሲወጣ ናስትሆ ከኋላው ከንፈሯን ነከሰች። «ንፉግ። ትናንት ከሰዓት ሙሉ በኔ ስልክ ነው ሚስቱን ሲያወራ የነበረው። ስልኬ ሱቅ ቀርቷል ብሎ።»

ዐናብ መፋቂያዋን ከአፏ አወጣች። ይሄ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ባሬን ጠርታ ጆሮው ላይ አንድ ነገር አለችው፣ ባሬም ካቴናውን ረስቶ ሄደ።

ሲመሻሽ ሁሉም እታች ሳሎን ተሰበሰቡ። ሰማዩ እንደ ትናንቱ ደምኖ ፀሐይዋ የት እንዳለች አይታወቅም። ዐብዱልቃድር ቴምሩን በሰሃን ይዞ፣ ሙአዚኑ ዳግም እንዳያታልለው ጆሮውን አቁሟል። ፌኔት ልብሷን በፌስታል አድርጋ ይዛለች፤ እስር ቤት ብርድ ነው ብለዋታል። መልአክ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ባሬ አቧራ በአቧራ ሆኖ ገባና ለዐናብ አንገቱን ነቀነቀላት።

«መጀመሪያ እጃቸው» ብላ ጀመረች። «ፌኔት ከፊሽካው በኋላ ሻይ እንኳ ሳታፈላ ነው የወጣችው። ጅግጅጋ ብትበርድም፣ አሁን የሞተ ሰው እንደ ድንጋይ አይደርቅም። ፊሽካው ሲነፋ አባባ ከሞቱ ቆይተዋል።»

«ሬሳ ነው የነፋው?» አለ ባሬ።

«ስልክ ነው የነፋው። አደር ዐብዱልቃድር፣ አጎቴ፣ ጆሮዎት ጤነኛ ነው። ትናንት አዛኑ ሁለቴ ተሰምቷል።»

ዐብዱልቃድር ወደ ናስትሆ ዞረ። «ሰማሽ?»

«አባባ ፊሽካ የሚነፉት ከአዛን ጋር ነበር። ስለዚህ ፊሽካቸውን የቀዳ ሰው አዛኑንም አብሮ ቀድቷል። ያንን ቅጂ ስልኩ ላይ አላርም አድርጎ ሞላና፣ አባባን ከገደለ በኋላ ፍራሹ ሥር ወሸቀው። እሱ እታች ቁጭ ብሎ ሲስቅ፣ ሟቹ ፎቅ ላይ ፊሽካ ነፉ። ትንሽ ቀደም አድርጎ ነው የሞላው። ታች ያላችሁት ፊሽካውን ብቻ ሰማችሁ። አደር ዐብዱልቃድር ግን ክፍላቸው ከአባባ ክፍል ጎን ነው፣ ጾመኛ ናቸው፣ ደመና ነበር፣ የሚያምኑት ጆሯቸውን ነው። በስልኩ አዛን አፈጠሩ። እውነተኛው አዛን ሲመጣ ፍሬው አፋቸው ውስጥ ነበር።»

«ገዳዩስ ቅጂው ውስጥ አዛን እንዳለ አልሰማም?» አለች ናስትሆ።

«ከመስጊድ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ያረጀ ሰው አዛን አይሰማም፣ ኤዶ። እንደ ነፋስ ነው የሚሆንበት። የጉናጋዶ ሰው ነው የሚሰማው።»

መልአክ ፈገግ አለ። «ስልክማ ሁሉም ሰው አለው።»

«አንተ ትናንት ከሰዓት አልነበረህም። ሱቅ ቀርቷል ብለህ በኤዶ ስልክ አወራህ። ፌኔት ስትጮህ ፎቅ ወጣህ፣ ፍራሹን ቧጠጥክ፣ ከዚያ በራስህ ስልክ ፖሊስ ጠራህ። ስልኩ ከሱቅ ፎቅ ድረስ በእግሩ መጣ?»

«እኔ ሽማግሌ ገድዬ ምን ላገኝ?»

ዐናብ ወፍራሙን ጫማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጫማ ሱቅ ውስጥ አንድ ጫማ ማን ያያል? አባት ያያል። ሶሉን በባቡር ላስቲክ የመቱት ራሳቸው ናቸው። ቀለምወርቅ ያለዚህ ጫማ ገበያ ድረስ መሄድ አይችልም፤ አንተ ደግሞ ባሕር ተሻገረ አልክ። አባባ የከተማ ሰው ቢሆኑ ፖሊስ ጋ ይመጡ ነበር። የአዲጋላ ሰው ናቸውና አንተኑ መጥተው ጠየቁህ።»

«ሽማግሌ ያገኘው ጫማ ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም» አለች። «ጥንዱ ግን ይሆናል። አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሯሯጥ ባሬ የመጋዘንህን የሲሚንቶ ወለል ሲያስቆፍር ነው የዋለው።»

«ቀኙ ቀለምወርቅ እግር ላይ ነው ያለው» አለ ባሬ፣ ወለል ወለሉን እያየ።

 ያን ጊዜ ከመልአክ ጃኬት ውስጥ ፊሽካ ተነፋ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ ያጠረው ሽማግሌ የሚነፋው። ከፊሽካው ሥርም፣ ከሩቅ፣ አዛን። የዐብዱልቃድር እጅ ቴምሩን ይዞ ወደ አፉ ሄደ። ዐናብ አንጓውን ያዘችው።

«ይጠብቁ አደር። ይሄ የባለፈው ነው።»

መልአክ ለትናንት ብቻ የሞላው መስሎት ነበር። በየቀኑ እንዲጮህ ነው የሞላው። ስልኩን ሊያጠፋ ከጃኬቱ መዥርጦ አወጣ። ባሬ ተቀብሎ አጠፋውና ካቴናውን፣ በመጨረሻ፣ ከኪሱ አወጣ።

«ሱቁ አይበቃንም ነበር፣ ለሁለት» አለ መልአክ በዝግታ። «ከቀለምወርቅ ጋር ተጣላን፣ ገፋሁት። ሽማግሌው ግን ምን አመጣቸው? ይሄን ሁሉ ዓመት አዲጋላ ተቀምጠው፣ ምናለ እዚያው ቢቀመጡ?»

 ፌኔት ፌስታሏን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ዐናብ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ጠብቂልኝ አሉሽ፣ ጠበቅሽላቸው። አባትና ልጅ በአንድ ቀን፣ አብረው ይቀበራሉ። ልብስሽን ወደ ቦታው መልሺ።»

ያኔ ውጭ እውነተኛው አዛን ጀመረ። ዐብዱልቃድር እስኪያረጋግጥ ዐናብን አየ፣ እሷም አንገቷን ነቀነቀችለት። ቢስሚላህ ብሎ ቴምሩን ጎረሰ።

ከፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ፊሽካ ተነፋ።

ባሬ እጁ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ጠፍቷል። ዐናብ ኪሷን ዳበሰች። የነሐሱ ፊሽካ እዚያው ነው፣ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። መልአክ በካቴናው እጁ ጆሮዎቹን ሊደፍን ታገለ። ፌኔት ማልቀሷን አቆመች። የዐብዱልቃድር ቴምር ጉንጩ ውስጥ እንደቆመ ነው። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አፍጥጠው ቀሩ።

ናስትሆ ብቻ ሰሃኑን አንስታ ፍርፋሪውን አራገፈች።

«ምን ያስደነግጣችኋል? እስከ ሐሙስ ከፍለዋል።»