የኔ እመቤት፣ እግርሽን ዘርጊ

ልብስ ሰፊዋ ከአውቶቡስ ስትወርድ ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ። ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት አያይዘው ወደ ቤቷ ሰደዷት። አጥንቱ ገጠመ። ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነገሩን ሳታለባብስ ነገረቻት። «እኔ ጋ መመላለስሽ ብቻውን አያድንሽም። ዋናው ሥራ ያለው ቤትሽ ውስጥ ነው። እንቅስቃሴውን በየቀኑ ካልሠራሽ እግርሽ እንደ ደረቀ ይቀራል፤ ያኔ የስፌት መኪና መርገጥ የሚባለውን ነገር እርሺው።»

መጀመሪያ ሰሞን በወኔ ሠራች። ከዚያ ሕመሙ ወኔዋን በላው። ታላቅ እህቷ አስተማሪ ናት፤ ጠዋት ከቤት ስትወጣ «ዛሬ ትሠሪያለሽ አይደል?» ትላታለች። «እሠራለሁ እትዬ።» ስትመለስም «ሠራሽ?» ትላለች። «ሠራሁ።» ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። እህትየዋ ግን የታመመ ሰው መቆጣት አልሆንላት ብሎ ታልፈዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ፣ ከግድግዳው ወዲያ የወንድ ድምፅ ሰማች።

«በይ እንግዲህ፣ የኔ እመቤት። እግርሽን ዘርጊ።»

ክው አለች።

«ያዢው… ያዢው… ጎበዝ። አሁን ቀስ ብለሽ መልሺ።»

እንድትሠራው የታዘዘችው እንቅስቃሴ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተለወጠም። ለድምፁ መልስ የሰጠ ሰው የለም። የሰው ኮቴ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ ሳል እንኳ አልነበረም። ድምፁ ይናገራል፤ አንድ ሰው የተባለውን እስኪሠራ የሚጠብቅ ይመስል ዝም ይላል፤ ደግሞ ይናገራል።

«ዛሬማ ሰነፍሽ» አለ በመጨረሻ፣ በፍቅር።

ልብስ ሰፊዋ ቁልቁል ብታይ የገዛ እግሯ ተዘርግቷል። መቼ እንደ ዘረጋችው አላወቀችም።

በማግስቱ በክራንቿ እያነከሰች ወርዳ የሕንፃውን ጥበቃ ጠየቀችው። ጎረቤቷ ማን እንደሆነ።

«ከናንተ ቀጥሎ ያለው? እሱማ ባዶ ነው» አለ ጥበቃው። «አንዲት አሮጊት ነበሩ። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት አረፉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ወደዚያ ቤት ያለፈ ሰው አላየሁም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያን ቀን ሻንጣውን ይሸክፍ ነበር። እሷ ግን ከሰዓቱን ሶፋው ላይ ሆና ጠበቀች። ድምፁ መጣ። ዘርጊ ሲላት ዘረጋች፤ ያዢው ሲላት ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ፈራች። ግን ብቻዋን ስትሆን የማይቻለው ሕመም እሱ «አይዞሽ» ሲል ይቻል ነበር። እንዲህ እያለ ቀን ቀንን ወለደ፤ ጉልበቷም በጥቂት በጥቂቱ መታጠፍ ጀመረ። ባለሙያዋ ለክታ ተገረመች። «ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያሠራሽ?» ስትላት ምን ትበላት?

ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን መበጠር፣ ቀለም ያለው ቀሚስ መልበስ አመጣች።

«ለማን ነው እንዲህ የተኳኳልሽው?» አለች እህቷ።

«ለማንም።»

«ታድሎ፣ ይሄ ማንም።»

ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን እህትየዋ ትምህርት ቤቱ በጊዜ ለቋት ከሰዓት ወደ ቤት መጣች። እንደ ገባች በሩን ከኋላዋ ቆለፈች።

«በጓሮው ደረጃ ስወጣ አንድ ሰው አየሁ። ፊቱ ነጭ ነው፤ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ። ሰላም ብለው እንደሌለሁ አልፎኝ ሄደ። ያ ባዶ የተባለው ቤት በር ሲዘጋ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ እዚህ ቤት አልኖርም። ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።»

ልብስ ሰፊዋን ያስደነገጣት ስለ ሰውየው የሰማችው አልነበረም። ከዚህ ግድግዳ መለየቷ ነበር። ያን ጊዜ ገባት፤ የወደደችው ማን እንደሆነ ሳታውቅ ወዳለች። ሰው መሆኑንም ሳታውቅ።

በማግስቱ ድምፁ «ያዢው… ያዢው…» ሲል ጉንጯን ከግድግዳው አስጠግታ፣ «ደከመኝ» አለችው።

ከወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። የሚሮጥ ሰው ኮቴ በጓሮው ደረጃ ቁልቁል ወርዶ ጠፋ።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። እህቷ ቤት ለማየት ትመላለሳለች። የልብስ ሰፊዋ ጉልበት እንደገና መገተር ጀመረ። አንድ ከሰዓት ራሷን ታዘበች፤ ከንግዲህ ማንም እንደማይጠራት አወቀች፤ ሶፋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«እግሬን ዘረጋሁ» አለች ጮክ ብላ ለግድግዳው። «ይዤዋለሁ። ያማል፤ ግን ይዤዋለሁ። አሁን መለስኩት።»

መልስ የለም። በማግስቱ እንዲሁ አደረገች። በየቀኑ ለግድግዳው እየነገረች ሠራች፤ እንባዋ እየመጣም ሠራች።

ከዕለታት አንድ ቀን «ይዤዋለሁ» ብላ ስትጨርስ ከወዲያ የሆነ ሰው ተነፈሰ።

«ማነሽ?» አለ ድምፁ።

«ጎረቤት ነኝ። ጉልበቴ ተሰብሮ ነው።»

«በሕይወት ያለሽ ሰው ነሽ?»

«አንተስ?»

ትንሽ ቆይቶ በሯ ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ቀጭን ጎልማሳ ቆሟል፤ ቅንድቡ፣ ፀጉሩ፣ የሸሚዙ ኮሌታ በዱቄት ነጥቷል። ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ሳይታጠብ በጓሮ ደረጃ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ጥበቃው ሲገባ ሲወጣ አይቶት የማያውቀው።

ዳቦ ጋጋሪው ክፉኛ አፍሮ ነበር። ዓይኗን ሳያይ ነው የነገራት።

«እናቴ ናት። ስትሮክ ግማሽ ጎኗን ከነአንደበቷ ወሰደባት። ሐኪሞቿ እግሯን በየቀኑ አሠራት፣ አታቋርጥ ብለውኝ ነበር። ከሞተች በኋላ ማቋረጡ አቃተኝ። ወንበሯ ፊት እቆምና እናገራለሁ። እብድ አትበዪኝ።»

«አላልኩም። እኔም ባንተ ቃል ነው የዳንኩት።»

«ታምማ በተቀመጠችበት ጊዜ ሁሉ አንዲት ቃል መልሳልኝ አታውቅም» አለ። «ያን ቀን ‹ደከመኝ› ስትይ፣ በመጨረሻ ተናገረች ብዬ ደንግጬ ነው የሮጥኩት። በኋላ እሷ እንዳልሆነች ሲገባኝ ተናደድኩ። እየተናደድኩም ድምፅሽን ደግሜ መስማት አማረኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት በሯን ያንኳኳል። እህትየዋ ፊቱን ከታጠበ በኋላ አይታው፣ «ለካ መልከ መልካም ነው» ብላ ቤት ፍለጋውን ተወችው። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ስትዘረጋ እሱ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ተረከዟን በመዳፉ ይደግፋል። ብዙ አያወሩም። አንዳንዴ ቀና ስትል ዓይኑ ላይ ታርፋለች፤ እሱም አይሸሽም።

አንድ ቀን ግን አመለጠው። «ያዢው፣ የኔ እመቤት።»



«ይሄ የእናትህ ነው» አለች እግሯን ሰብስባ። «ስትናገር የምታየው ማንን ነው? እኔን ነው እሷን?»

«አላውቅም» አለ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። ተነስቶ ወጣ። እሷም እንዲቆይ አልለመነችውም።

በማግስቱ ሲመጣ ቁልፉን ይዞ ነበር። «ነይ፣ ቤቱን እዪው» አላት።

ክፍሉ በቀን ብርሃን እንኳ ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ መጋረጃው አልተገለጠም፤ አየሩ ሰው አሁን የወጣበት ይመስላል። መሐል ላይ ግድግዳውን የሚያይ አንድ ባለ መደገፊያ የእንጨት ወንበር አለ። የቁርበቱ መቀመጫ የሰው ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል። ልብስ ሰፊዋ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ወደሱ ሄደች፤ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

ክንዷን ያዛት። «አይሆንም። እዚያ አትቀመጪ።»

«ለምን?»

«የሷ ቦታ ነው። አንቺን እዚያ ላይ ማየት አልፈልግም። አንቺን ሌላ ቦታ ነው የምፈልግሽ።»

እሱ መጋረጃውን ገለጠ። ከዚያ ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘው ከክፍሉ አወጡት። ጉልበቷ ደረጃው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ታጠፈ። ጥበቃው በር ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ አያቸው።

«የሚቀመጥበት ካገኘህ ስጠው» አለው ዳቦ ጋጋሪው።

ጎዳናው ላይ ሲደርሱ ወደየት እንደሚሄዱ ማናቸውም አላወቁም። እሱ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ አንዲት ቃል አላት፤ እሷን ብቻ የሚጠራበት አዲስ ስም ነበር። ቆማ አሰበችበት፤ «ይሄ የኔ ነው» አለች።

ዛሬ ተጋብተው ሌላ ሠፈር ይኖራሉ። እህቷ «ምን ብሎሽ ነው እንዲያ የተሸነፍሽው?» እያለች ሁልጊዜ ትወተውታታለች። አትነግራትም።