እትዬ ሸምሲያ ቀድመው ያወቁት ፊልም

እኔ እንግዲህ ወሬው ወደ መንፈስና ወደ ሕልም ፍቺ ሲዞር ተነስቼ ዕቃ ማጠብ የምጀምር ሴት ነኝ፣ ማለቴ የሚያወሩትን ንቄ ሳይሆን በቃ አይገባኝም፣ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ዓይኗ ከተርገበገበ እንግዳ ይመጣል ብላ ሽንኩርት የምትከትፍ ሰው ነበረች፣ እኔ ደግሞ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ ያልታየና ያልተጨበጠ ነገር አይዋጥልኝም። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን አላመንሽም ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ እየታገልኩት ነው።

ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ ጣሊያን ከሠራቸው አሮጌ ቤቶች በአንዱ የፊት ክፍል ጌም ቤት ነበረኝ። የከፈተው ወንድሜ ነው፣ እሱ ሥራ አግኝቶ ክፍለ ሀገር ሲሄድ እኔም ሥራ እስካገኝ ብዬ ገባሁና ዓመታት ተቀመጥኩበት። ሰው ይገርመዋል፣ ሴት ልጅ ጌም ቤት፣ እኔ ግን መጫወቱን አልችልም፣ ኳስ ብይዝ ኳሱ ይጠፋኛል፣ መኪና ብነዳ ግድግዳ ነው የምገባው። የምወደው የተጫዋቾቹን ፊት ማየት ነበር። እመኑኝ፣ ሰው ጌም ላይ ሲቀመጥ ፊቱን መደበቅ ይረሳል።

በዚያ ሰሞን ልጆቹ ሁሉ ያበዱለት አንድ ጌም ነበር። ጨለማ የዋጣት ከተማ አለች፣ አንድ ወጣት ፋኖስ ይዞ በየመንገዱ ይሄዳል፣ ብርሃኑ በደረሰበት ሁሉ ጨለማው የወሰዳቸው ሰዎች ይመለሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ማማው ላይ ወጥቶ ትልቁን መብራት ሲያበራ ጨዋታው ያልቃል። ልጆቹ ባለፋኖሱ ይሉታል። ከተማዋ በር ላይ አንዲት ፊቷን የተከናነበች አሮጊት የፋኖስ ዘይት ትሸጣለች፣ ዘይቱን ገዝተው ያልፋሉ እንጂ ለሷ ደንታ ያለው አልነበረም።

ታዲያ ይሄ ጌም ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ሆኖ ተሠራ ተባለ። ቢኒ የሚባል፣ ጌሙን ደጋግሞ የጨረሰ ልጅ ነበረን፣ ዘመዱን የሰደቡበት ያህል ነው የተከፋው፣ ያበላሹታል፣ ጌም የነካው ፊልም ሁሉ ተበላሽቶ ነው የሚወጣው ብሎ ማለ። ኤርሚያስ ደግሞ፣ ያኔ ኢንጂነሪንግ የሚማር ረጋ ያለ ልጅ ነው፣ ሙሉውን ከግቢ በፍላሽ አመጣው፣ እሱም አላየውም፣ የወጣው በዚያው ሳምንት ነው፣ እሑድ ከምሳ በኋላ አብረን እንየው ተባባልን። እኔም ጌሙን ሁሉ አጠፋሁ፣ ጆይስቲኮቹን ነቅዬ ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቀልኩ፣ ትልቁን ቲቪ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘን፣ ውጪ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የሚናገሩት በጃፓንኛ ነው፣ ከሥር እንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ኤርሚያስ እያነበበ ለሁላችን በአማርኛ ይነግረናል።

ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሊፈርዱ እንደመጡ ሰዎች ነው የተቀመጡት። ኧረ ካርቱን ነው ብዬ እኔም ለጨዋታ ያህል ነበር የተቀመጥኩት፣ ግን ምን ልበላችሁ፣ ያ ነገር ካርቱን አይባልም። የፋኖሱ ብርሃን እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ ፊቴ ድረስ የመጣ መሰለኝ። የመጀመሪያው ሰው ከጨለማው ሲመለስ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ እጁ ላይ ሊጡ ገና አልደረቀም፣ የት እንደነበረ አያውቅም፣ እጁን አይቶ ምድጃው እንዳያርርበት ሮጠ፣ በቃ ይሄው ነው፣ እኛ ግን ወንበራችንን ወደ ቲቪው አስጠጋን። ፋኖሱ ዘይት ሲሞላ ጌሙ ላይ የምትሰማው ትንሽዬ ድምፅ አለች፣ እሷን እንኳን አልጣሏትም፣ እንዳለች አስገብተዋታል፣ ያቺን ሲሰሙ ልጆቹ ተያይዘው ሳቁ። ቢኒን አየሁት፣ እጁ ተፈቷል፣ አፉ ተከፍቷል፣ እንደዚያ ዓይነት ፊት አሸንፎ እንኳን አይቼበት አላውቅም።

የፊልሙ ሁለተኛ ክፍል መሃል ላይ ስንደርስ በሩ ተከፈተና እትዬ ሸምሲያ ገቡ።

እትዬ ሸምሲያ ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው የስልጤ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሙባረክ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ እኔ ጋ ነበር የሚመጣው፣ ይሄንኑ ጌም ነበር የሚጫወተው፣ ኋላ ኩላሊቱን ታሞ ብዙ ተሰቃይቶ አረፈ፣ እንግዲህ ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ክረምት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ሆነው ሰላም ይሉኛል እንጂ ደጃፌን ረግጠው አያውቁም፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ያን ቀን ሻርፓቸው በዝናብ ረጥቦ በሩ ላይ ቆመው ቲቪውን ያያሉ።

«ይሄ የባለፋኖሱ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«የሙባረክ ጨዋታ?»

ኤርሚያስ ሊያቆመው እጁን ሲሰድ እሳቸው ይታይ አሉ፣ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፣ ተቀመጡ።

እንግዲህ እኔ የሰው ፊት ማየት ልማዴ ነው ብያችኋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ከቲቪው ይልቅ እሳቸውን ነበር የማየው። እንደ አዲስ ተመልካች አልነበሩም። የሚያስቀው ነገር ከመምጣቱ በፊት ፈገግ ይላሉ፣ የሚያስደነግጠው ሳይደርስ ሻርፓቸውን ጨበጥ ያደርጋሉ፣ መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ኋላ ባለፋኖሱ አንድ ቀይ በር ሊከፍት ሲል ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው ቀስ ብለው «አይከፍተውም፣ ውሻው ይመልሰዋል» አሉ። ቢኒ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጌሙ ላይ ውሻ የሚባል ነገር የለም አለኝ፣ ሳይጨርስ ከደረጃው ሥር አንድ ከሲታ ውሻ ወጥቶ የልጁን ሱሪ ነክሶ ጎተተው። ልጆቹ ሳቁ፣ እትዬ አይተውታል ማለት ነው አሉ፣ ኤርሚያስ ግን አልሳቀም፣ ዞሮ እኔን አየኝ።

ማማው ላይ የደረሰ ጊዜ ቤቱ ውስጥ የነበረውን ልነግራችሁ አልችልም። ትልቁ መብራት ሲበራ፣ ከተማው ሁሉ ከላይ እስከ ታች እየፈካ ሲሄድ፣ በየመስኮቱ ሰው ብቅ ሲል፣ ቢኒ ቆሞ ያጨበጭባል፣ ዓይኑ ሞልቷል፣ ይሄንን የሠሩ ሰዎች ጌሙን እንደኔ ነው የሚወዱት እያለ ለሁላችን ይናገራል። አለቀ ብለን ስንነሳ ኤርሚያስ ገና የሚቀር ክፍል አለ አለ።

«አላለቀም» አሉ እትዬ ሸምሲያ። «እናቱን ገና አላገኛትም።»

ቢኒ በአክብሮት፣ ባለፋኖሱ እናት እንደሌለው፣ ጌሙ ላይ የትም ቦታ እንዳልተነሳች ነገራቸው።

«አለችው» አሉ። «ዘይት የምትሸጠው ናት።»

ከየት እንዳወቁት የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሙባረክ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሕመሙ ፋታ ሲሰጠው ይሄንን ጨዋታ ይተርክላቸው ነበር፣ ውሻውንም፣ ቀዩንም በር፣ ማማው መጨረሻ እንዳልሆነም፣ ልጁ ከማማው ወርዶ ወደ እናቱ፣ ወደ ከተማዋ በር እንደሚመለስም። እሳቸው ሁሉም ጌሙ ላይ ያለ መስሏቸው ነው የሰሙት። ሱቃቸው ቁጭ ብለው ሙዚቃውን ሰምተው ነው መንገዱን የተሻገሩት።

«በሩ ጋ ደረሰ ብሎኝ ተኛ» አሉ። «መጨረሻውን ሳይነግረኝ ነው የሄደው።»

ኤርሚያስ የመጨረሻውን ክፍል ከፈተው። ውጪው መጨለም ጀምሯል፣ መብራት ላብራ ብዬ ሳስብ ከኋላዬ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝንብ መሰለኝ። ዞር ስል ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ጆይስቲኮች አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ ሚስማሯ ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ጌም ላይ ሰው ሲመታ እንደምትንቀጠቀጠው። ገመዷ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ቢኒ ተነስቶ ያዛት፣ ወዲያው እኔ እጅ ላይ አስቀመጣት፣ እጄ ውስጥ እንደ ተያዘች ጫጩት ተንቀጠቀጠችና ቀስ ብላ ዝም አለች። እመኑኝ፣ ይሄን የያዝኩት በዚህ እጄ ነው።

ቲቪው ላይ ባለፋኖሱ በሩ ጋ ደርሷል፣ ፋኖሱ ዘይት ጨርሷል፣ አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መከናነቢያዋን ገለጠች፣ እንዴት ያለ ፊት እንደሳሉላት፣ ተቆጥታም አልቅሳም የጨረሰች ሴት ፊት። ቆመው ተያዩ። ኤርሚያስ ዝም አለ፣ ከሥር የተጻፈ የለም፣ የሚናገርም የለም፣ ሙዚቃውም ቆሟል። እትዬ ሸምሲያ ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ስልክ የሚያዳምጥ ሰው እንደሚያደርገው፣ «እሺ» አሉ። ቆዩና ደግሞ «እሺ አባቴ፣ ገባኝ» አሉ። ልጁ ፋኖሱን መሬት አስቀመጠ፣ ፊልሙ አለቀ።

እኔ ምን ሰማሁ ብትሉኝ፣ ከዝናቡ ሥር፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ሰው ቀስ ብሎ ሲያወራ ዓይነት፣ ቃሉ የማይለይ ነገር። ኤርሚያስ የሰማሁት ዝናብ ብቻ ነው አለ። ቢኒ ስጠይቀው ጫማውን አሰረ።

እትዬ ሸምሲያ አላለቀሱም፣ ከባድ ዕቃ አውርዶ ወገቡን እንዳቃና ሰው ነበሩ። ልጆቹን አንድ በአንድ መረቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደኔ ዞረው «የሠሩት ሰዎች ጎበዞች ናቸው፣ አንድም ነገር አላጎደሉበትም» አሉኝ፣ ፊልም እንዲህ ሲመሰገን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ኤርሚያስ ያንን ቦታ ብቻውን ደጋግሞ አየው፣ ዝምታ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ምናልባት ሠሪዎቹ ሐሳባቸውን አስቀድመው የሆነ ቦታ ጽፈውት ልጁ ኢንተርኔት ቤት አንብቦት ይሆናል አለኝ፣ እኔም ያቺን ምናልባት ሙጭጭ አልኩባት። ውሻውንም እንደዚያው፣ ጆይስቲኳን ግን ሁለታችንም አናነሳም።

ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ እትዬ ሸምሲያ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገቡ፣ እኔም ጌም ቤቱን ዘጋሁና ወሎ ሰፈር አንድ ቢሮ በተማርኩበት ተቀጠርኩ። ከጊዜ በኋላ የፊልሙ ሁለተኛ ምዕራፍ ወጣ ብሎ ኤርሚያስ በፍላሽ አመጣልኝ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ሳላየው ለሳቸው ልውሰድ አልኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ደህና ናቸው፣ ታች ትንሽ ሱቅ ከፍተዋል። ፍላሹን አውጥቼ ተከታዩ መጣልዎት ስላቸው ፈገግ አሉ።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ነግሮኛል።»

ያኔ ሆስፒታል የነገራቸው ነው ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ግን መጨረሻውን ሳይነግረኝ ነው የሄደው ያሉት ትዝ አለኝ። እሳቸው መተረክ ጀምረዋል። ልጁና እናቱ በጀልባ ከከተማዋ ይወጣሉ፣ ብዙ ይሄዳሉ፣ ፋኖስ የምታከራይ አንዲት ሴት ቤት ይደርሳሉ፣ ለሰው ሁሉ ታከራያለች፣ እሷ ራሷ ግን ፋኖስ መያዝ አትችልበትም።

«አንቺ ነሽ» አሉኝ። «አንቺም አለሽበት።»

ሳቅኩ፣ ሳቄ ለራሴም ደስ አላለኝም። «እና ምን እሆናለሁ?» አልኳቸው።

ወደ መስኮቱ አዩ፣ እንደ ማዳመጥ አሉ።

«ገና እዚያ አልደረሰም» አሉኝ።

ኤርሚያስ ሁሉንም አይቶታል፣ ከመጀመሪያው ይበልጣል ይላል፣ አንድ ቀን በስልክ የሆነች አንቺን የምትመስል ሴት ሲል ይቅር አትንገረኝ አልኩት። እትዬ ሸምሲያ ጋ አሁንም እደውላለሁ፣ ስለ ጤናቸው እጠይቃለሁ፣ ስለ ሱቁ እናወራለን፣ ስልኩን ልንዘጋ ስንል ግን ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ይላሉ፣ የሚነግሩኝ ነገር ያለ ይመስል፣ እኔም ቶሎ ብዬ ደህና ይሁኑ እላለሁ።