በረመጥ ውስጥ ያደረ አበባ

ቱሪያ በሩን ስትከፍት እጇ እስከ አንጓው ድረስ ቅቤ ነበር። ደጁ ላይ ጢሙ ሸብተት ያለ ረጅም ሰው፣ ጥቀርሻ የለበሰ ገንቦ እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሟል።

«ይቅርታ እመቤት፣» አለ። «ይኼ የእርስዎ ታንጂያ ነው። እርስዎ ቤት ያለው ደግሞ... የኔ ነው።»

ቱሪያ ዞር ብላ ወደ ግቢው አየች። ከቤይሩት መጥተው ክፍል የተከራዩት ባልና ሚስት የመጨረሻውን መረቅ በዳቦ እየጠረጉ ነው። ገንቦው ባዶውን ከጎናቸው ተጋድሟል።

«የእርስዎ ነበር፣» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በማራኬሽ ታንጂያ የወንድ ሙያ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ገንቦውን በሥጋ፣ በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በከሙንና በጨው በሰነበተ ሎሚ ይሞላና፣ አፉን በወረቀት ሸፍኖ በሲባጎ አስሮ ለባ ዓላል ይሰጠዋል። ባ ዓላል የሐማሙን፣ የሰፈሩን መታጠቢያ ቤት፣ ውኃ በሚያሞቀው እሳት ቤት ገንቦዎቹን በረመጥ ቀብሮ ያሳድራቸዋል። ጠዋት ሁሉም የራሱን አስተሳሰር አይቶ ይወስዳል። ዛሬ ግን ቱሪያ ቸኩላ ነበር።

«ወደዱት?» አለ ሰውየው፣ ፈራ ተባ እያለ።

ልትዋሽ አሰበች። ግን የቤይሩቷ ሴትዮ እንደ አገሬው «ላላ»፣ እመቤት፣ ብላ ከግቢው ጮኸች።

«ላላ ቱሪያ! እኛ እኮ አገር የምንዞረው ለሆዳችን ስንል ነው። ኢስታንቡል በልተናል፣ ሐለብ በልተናል፣ ቱኒዝ በልተናል። እንዲህ ያለ ግን... ምን አድርገሽበት ነው?»

የቱሪያ ፊት ቀላ። «ምን አድርገውበት ነው?» ስትል ሰውየውን በሹክሹክታ ጠየቀችው።

ሰውየው ሳቀ። ሲስቅ ሽበቱን ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል።

«አበባ። የመራራ ብርቱካን አበባ። አንድ እፍኝ፣ አፉ ሊታሰር ሲል።»

«ሥጋ ላይ? አበባ?»

«እናቴ እንደዚያ ነበር የምትሠራው። ሰው ሁሉ ይስቅባት ነበር። ከበላ በኋላ ግን የሚስቅ የለም።»

ገንቦዋን አስረክቧት ሄደ። ቱሪያ እንግዶቹ ሲነሡ ጠብቃ፣ ከባዶው ገንቦ ጠርዝ ላይ የቀረውን በጣቷ ጠርጋ ቀመሰች። መጀመሪያ ሥጋው መጣ፤ ቀጥሎ ሎሚው። ሁለቱም ካለፉ በኋላ፣ በጣም ከሩቅ፣ በመጋቢት ማምሻ በተከፈተ መስኮት እንደሚገባ ነፋስ ያለ ነገር... ጣቷን ከንፈሯ ላይ እንዳደረገች ቆማ ቀረች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ገንቦዋን ይዛ እሳት ቤቱ ስትደርስ ሰውየው እዚያ ነበር። ላርቢ ይባላል፤ በጫማ ሰፊዎች ገበያ ለስላሳ የቆዳ ነጠላ ጫማ ይሠራል። ከሱ ጋር ጓደኛው ቡሽታ አለ። ቡሽታ ደግሞ አፉ አያርፍም።

«ኧረ ባ ዓላል፣ ሴት ታንጂያ ይዛ መጣች!» ብሎ ጮኸ። «ከእንግዲህ ለወንድ ምን ቀረለት?»

«ምላስ ቀርቶላችኋል፣» አለች ቱሪያ። «እሱ በረመጥም አይበስልም።»

ባ ዓላል አካፋውን ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ላርቢ ግን ከኪሱ የተቋጠረ መሐረብ አውጥቶ ዘረጋላት። ውስጡ ነጭ አበባ ነው።

«ጠዋት የለቀምኩት ነው። ለእንግዶችዎ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት።»

«ምን?»

«የማን ሙያ ነው ብለው ከጠየቁ ስሟን ይንገሩልኝ። ራቅያ ትባላለች። ፎቶ እንኳ ሳትነሣ ሞተች። ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። ሰው ስሟን ሲጠራ ብሰማ...» አልጨረሰውም።

«እነግራለሁ፣» አለች ቱሪያ። «ቃሌ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ረቡዕ መሐረቡ ይመጣል። ገንቦዎቹን ለባ ዓላል ሰጥተው በጠባቡ መንገድ አብረው ይመለሳሉ። ቀዩ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ገና ይተነፍሳል፤ ወንጭፊት ወፎች ከላያቸው ይሽከረከራሉ። እርስዎ መባባሉ መቼ እንደ ቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«ቱሪያ፣» አላት አንድ ቀን። «ሰው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አንቺ ዘንድ ይበላል። አንቺንስ ማን ያጎርስሻል?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ግድግዳ ግድግዳውን አየች።

«እኔ ቆሜ ነው የምበላው።»

«ነገ እንደ እንግዳ እመጣለሁ። ከኔ ጋር ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ተርቦ የመጣ ሰው ለሐሜት ምን ጊዜ አለው?»

ሳቀች። ያን ዕለት እየሳቀች ቤት ደረሰች።

ቤቱ የላላ ከንዛ ነው። ላላ ከንዛ የቱሪያ ባል የነበረው የሙኒር እናት ናት። ሙኒር ከሞተ በኋላ ቱሪያ ወደ ዘመዶቿ አልተመለሰችም፤ አሮጊቷን ብቻዋን ትታ መሄድ አልሆነላትም። ሁለቱ ሴቶች ክፍሎቹን ለመንገደኛ እያከራዩ፣ ለመጣው ሁሉ እያበሰሉ፣ ብዙ ሳይነጋገሩ አብረው ይኖራሉ።

ሐሙስ ግቢው ሞላ። ከቤይሩት የመጡት ያገኙትን ሁሉ «ማራኬሽ ከሄዳችሁ እዚያ ቤት ሳትበሉ እንዳትመለሱ» ብለውት ኖሯል። ላርቢ ነጭ ጀላባውን ለብሶ መጥቶ ጥጉን ይዞ ተቀመጠ። ቱሪያ ከጎኑ አንድ ትራስ አኑራ ነበር። ለራሷ መሆኑን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ከእንግዶቹ አንዱ ጣቱን እየላሰ ቀና አለ። «አበባ ከሥጋ ጋር ማን አሰበው? እጁን ልሳመው!»

ቱሪያ ትሪ እንደያዘች አፏን ከፈተች። ላላ ከንዛ ቀደመቻት።

«ልጄ ነው! ሙኒር፣ አላህ ይዘንለት። ሚስቱ ይኸው እሱ ያስተማራትን ትሠራለች!»

«ሙኒር፣ እጁ ይባረክ!» አሉ እንግዶቹ። «ሙኒር... ለሙኒር!»

አሮጊቷ ፊቷ በራ። ቱሪያ ያን ፊት ከዓመታት ወዲህ አላየችውም። ላርቢ ግን ዓይኑን ቱሪያ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። አንዲት ቃል ብቻ... ቱሪያ አቀረቀረች።

ላርቢ ዳቦውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ተነሣ። በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ላርቢ፣ ቆይ...»

«ቃሌ ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አሮጊቷ ናት» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከኋላዋ የላላ ከንዛ ሳቅ ይሰማል። ዋጠችው።

«ገባኝ፣» አለ ላርቢ። «እዚህ ቤት ቦታ ያለው ለአንድ ስም ብቻ ነው።»

ሄደ። በሚቀጥለው ረቡዕ መሐረቡ አልመጣም።

«ገንቦውን በቡሽታ ነው የላከው፣» አለ ባ ዓላል፣ ዓይኗን እየሸሸ። «ምን አደረግሽው ልጄ? አፉ ተለጉሟል አሉ።»

በመንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች አበባቸውን አራግፈው ጨርሰዋል። ቱሪያ የረገፈውን እየረገጠች ብቻዋን ተመለሰች። ለማን ትናገር? እናት ፊት ስለ ልጇ እንዴት ይነገራል? ዝም ካለች ደግሞ ሰውየው ሄደ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«እማማ፣» አለች ቱሪያ። «ሙኒር መቼ ነው ታንጂያ የሠራው?»

የአሮጊቷ እጅ ቆመ። «እንቁላል እንኳ ያሳርር ነበር፣» አለች።

«ታዲያ ለምን?»

«እዚህ ቤት ስሙ ተጠርቶ ያውቃል?» ላላ ከንዛ የባቄላውን ሰፌድ ገፋ አደረገች። «አንቺ አትጠሪውም። እኔ ስጠራው ተነሥተሽ ማድ ቤት ትገቢያለሽ። አልቅሼ እንዳላስቸግርሽ እኔም ተውኩት። እንግዶቹ ግን እጁ ይባረክ አሉ! ልጄን መረቁልኝ ቱሪያ... ሰው በአፉ መረቀልኝ!»

ባቄላው በቱሪያ እጅ ላይ ቀረ። እውነት ነው። ስሙን እንደ ክረምት ልብስ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከታው ኖራለች። ለአሮጊቷ ያዘነች መስሏት።

«እንቁላሉ ብቻ ቢሆን...» አለች በመጨረሻ። «በተጋባን ሰሞን ሻይ ላፍላልሽ አለኝ። ስኳር መስሎት ጨው ጨመረበት።»

«አትይኝም! ምን አልሽው?»

«ምንም። ጠጣሁለት።»

«ጠጣሽው?»

«እስከ መጨረሻው። ይጨመርልሽ ሲለኝ ግን... ሙኒር፣ በቃኝ አልኩት።»

ስሙ ከአፏ ወጣ። አሮጊቷ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ልቅሶ ሆነ። ቱሪያ አቀፈቻት። ባቄላው ተደፍቶ ወለሉን ሞላው።

ላላ ከንዛ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ያ ጥግ ይዞ የተቀመጠው ሰውዬ... ምግቡን ሳይጨርስ የወጣው ማን ነው?» አለች።

«የአበባው ባለቤት። የእናቱ ሙያ ነው።»

«ኧረ እኔን!» ጉንጯን መታች። «ታዲያ ለምን አላጋለጥሽኝም?»

«እርስዎ እየሳቁ ነበር፣ እማማ።»

ላላ ከንዛ የተደፋውን ባቄላ ተራምዳ ተነሣች። ከዚያ፣ «ጀላባዬን አምጪ፣» አለች።

የጫማ ሰፊዎች ገበያ የቆዳ ሽታና የመዶሻ ድምፅ ነው። አሮጊቷ የቱሪያን ክንድ ጨብጣ፣ ሰዉን እየገፋች ገባች። ቡሽታ ብድግ አለ።

«እንኳን ደህና መጡ እማማ! ቀይ ነው ቢጫ የሚፈልጉት?»

«እኔ የምፈልገው ሰው ነው! ላርቢ የሚሉት የታለ?»

ላርቢ ወስፌ እንደያዘ ከውስጥ ወጣ። ቱሪያን ሲያይ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣» አለች ላላ ከንዛ። «የእናትህን ሙያ ወስጄ ለልጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄ ምግብ አይችልም ነበር። ዛሬ እንግዶቹ ፊት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ።»

ላርቢ ወደ ቱሪያ ዞረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሙኒር ስም ሲጠራ የእማማን ፊት አየሁ፣» አለች። «አንተም የፈለግኸው ያንኑ ነበር። ከማን ልቀማ?»

ላርቢ ወስፌውን አስቀመጠ።

«እማማ፣ የልጅዎን ስም አይንሡት። ራቅያም ይባል፣ ሙኒርም ይባል። ገንቦው ለሁለት ሰው ይበቃል።»

አሮጊቷ የጀላባዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ገና አልጨረስኩም። የባሏ እናት ነኝ። ዛሬ ግን የመጣሁት እንደ እናቷ ሆኜ ነው። ትፈልጋታለህ?»

«ይፈልጋታል!» አለ ቡሽታ።

«አንተን ማን ጠየቀህ!»

«እፈልጋታለሁ፣» አለ ላርቢ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «እሷስ?»

ቱሪያ የአሮጊቷን ክንድ አጥብቃ ያዘች።

«እኔ እማማን ትቼ የትም አልሄድም።»

«ማን ተያት አለሽ? ወስፌዬንና ቆዳዬን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ... እሺ።»

ቡሽታ እልል አለ። የገበያው ሰው ሁሉ ተከተለው።

ሰኔ ላይ ተጋቡ። ከሠርጉ በኋላ ሦስቱም በአውቶቡስ ወደ ሶዊራ ወረዱ። ወደቡ ላይ፣ ጀልባዎቹ አጠገብ፣ ከእሳት የወረደ ሰርዲን በጨውና በሎሚ ቀረበላቸው። ነፋሱ የቱሪያን ሻርፕ ያውለበልባል። ባሕሩና ሰማዩ የት እንደተገናኙ አይለይም። ላርቢ ለላላ ከንዛ አጥንት ያወጣል።

«ሙኒር ሰርዲን አይበላም ነበር፣» አለች ቱሪያ።

ሳታስበው ነው ያመለጣት። ደንግጣ ቀና አለች። ላርቢ እጁን አላቆመም።

«ለምን?»

«አጥንቱን ይፈራል። ያን የሚያህል ሰው!»

ላላ ከንዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ላርቢም ሳቀ። አጥንቱ የወጣለትን ዓሣ በዳቦ ጠቅልሎ ለቱሪያ አቀበላትና ጠጋ አለ።

«ሌላስ ምን ይፈራ ነበር?» አላት። «ንገሪኝ።»

ቱሪያ ጎረሰች። ከዚያ መናገር ጀመረች።