ድምፅ አልባው ግጭት

ኤልቃና ሞቶ የተገኘው ከፉሪ ወደ ሰበታ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ፣ ሌላውን ቦዩ ውስጥ ጥሎ ነው። ብስክሌቱ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ የፊት ጎማው እንደ ቆርቆሮ ተጣጥፎ ተጋድሟል። የታኅሣሥ ጭጋግ ገና አልገፈፈም። ኢንስፔክተር ገለቴ ደገፋ መኪናዋን መንገዱን ከዘጋው የድንጋይ ክምር በታች ትታ በእግሯ መጣች።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተቀጣጠለበት 2008 ዓ.ም. ነበር። ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ ወጣቱ ማታ መንገድ ይዘጋል፤ ወታደሩ ቀን ይከፍታል። ታክሲ ሲጠፋ፣ ከደቡብ መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሚሠሩት ልጆች ብስክሌት እየገዙ መንገዱን ሞሉት። ሹፌሮቹ ድንጋይ ይወረወርብን ይሆን እያሉ ተሳቀው ሲነዱ፣ ከፊታቸው ድንገት ጥልቅ የሚለው ብስክሌተኛ ንዴታቸውን ሁሉ የሚያራግፉበት ሆነ። ብስክሌተኞቹም በየቀኑ ወደ ቦይ እየተገፉ ቂም ያዙ። ስለዚህ ሬሳው ሲታይ ማንም ብዙ አላሰበም።

«ሌንጮ ነው የገጨው!» አለ ዮአብ፣ የሟቹ የሥራ ባልደረባና የቅርብ ጓደኛ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ትናንት አመሻሽ ታክሲ ተራው ላይ በጥፊ ሲመታው ሁላችሁም አይታችኋል። መሪው ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም እዩት! የሱ ታክሲ ቀለም ነው!»

ዙሪያውን የቆሙት ሠራተኞች አጉረመረሙ። ፖሊሱንም ወታደሩንም የሚያዘው ኮማንደር ገለቴን ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ወሰዳት።

«ቶሎ በይ። እነዚህ ታክሲ ሊያቃጥሉ ተነስተዋል። ወይ ሹፌሩን ስጪኝ፣ ወይ መንገድ የዘጉትን ስጪኝ።»

«መጀመሪያ የሞተውን ልይ፣ ኮማንደር።»

ተንበረከከች። ከልጁ አገጭ ሥር ቀጭን፣ እንደ ተገመደ ክር የተጠማዘዘ ሰንበር አንገቱን ዞሮታል። ከብስክሌቱ ኋላ ያለችው ቀይ አንፀባራቂ አልተሰነጠቀችም፤ የኋላው ጎማም ቀጥ እንዳለ ነው። የተጨፈለቀው የፊቱ ብቻ ነው፤ በጣቷ ስትነካው የድንጋይ ዱቄት ይዞ መጣ። ተነስታ ወደ ክምሩ ሄደች። በክምሩ ጫፍ፣ በአንድ ባሕር ዛፍና በመንገድ ምልክት ብረት መካከል፣ አንድ ብስክሌት ብቻ የምታሳልፍ ክፍተት ነበረች። የዛፉን ልጣጭ አየች። ብረቱን አየች። ከክምሩ ላይ አንዱ ድንጋይ ብቻ፣ አፈር የነካ ርጥብ ሆዱን ወደ ላይ አዙሮ ተቀምጧል።

«ከላይ፣ በፉሪ በኩል፣ መንገዱ ክፍት ነው?» አለች።

«እዚያም ተዘግቷል» አላት አንድ ፖሊስ። «ከትናንት ምሽት ጀምሮ።»

ሌንጮ ስሙ መጠራቱን እንደሰማ በራሱ እግር መጥቶ ለፖሊስ እጁን ሰጥቷል። ከክምሩ በታች፣ የፖሊስ መኪና ውስጥ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«አካም ቡልቴ፣ ሌንጮ?»

«ደህና አላደርኩም፣ ኢንስፔክተር። መትቼዋለሁ፣ አልክድም። ከፊቴ ጥልቅ ብሎ የታክሲዬን በር በመሪው ፈተገው፤ ደሜ ፈላ። ግን አልገደልኩትም። መኪናዬ ሰበታ ግቢዬ ውስጥ ነው ያደረው።»

«ብቻውን ነበር?»

«ያ ዮአብ የሚሉት ከኋላው ነበር። ፍሬን ባይዝ ኖሮ መስታወቴን ጥሶ ይገባ ነበር። ጎማው ሲጮህ ተራው ሁሉ ዞሮ ነው ያየው።»

«ባለፈው ወር ያነሳሃቸውን ሴትዮ ደግሞ ንገረኝ።»

ሌንጮ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አዴ ብርቅዬን? እዚሁ ቁልቁለት ላይ፣ መንገድ ዳር ወድቀው አገኘኋቸው። ጭኜ ጤና ጣቢያ አደረስኳቸው። ገጭተህ ገደልካቸው ተብዬ የታሰርኩት ለዚህ ነው። ማስረጃ ሲጠፋ ለቀቁኝ፤ ባለቤታቸው ኦቦ ቦጂያ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን አይመልሱም። ከዚያ ወዲህ የወደቀ ሰው ሳይ እግሬ ነዳጅ ላይ ይሄዳል። እንደዚህ አድርገውኛል።»

ወደ ላይ ተመለሰች። የኤልቃና እጮኛ ኤልሳቤት ከፉሪ መጥታ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አልብሳዋለች። እንባዋ አልመጣም ነበር።

«ከወር ወዲህ እህል አልወረደለትም» አለች ሳትጠየቅ። «ሲጸልይ ያለቅሳል። ምን ሆንክ ስለው፣ ‹ዝም ያልነውም ገጭተናታል› አለኝ። ማንን? ስለው አልመለሰልኝም። ‹እሁድ ከአንድ ሰው ጋር ሄጄ እገላገላለሁ› ብቻ አለኝ።»

የኦቦ ቦጂያ ቤት ከክምሩ አጠገብ ነው። እርሻቸው እስከ መንገዱ ይደርሳል። ልጃቸው ኡርጂ፣ ዩኒቨርሲቲው በተቃውሞው ምክንያት ስለተዘጋ ቤት የተመለሰው ወጣት፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ቦጂያ? ሟቹን ያውቁት ነበር?»

«ሁለት ጊዜ መጥቷል፣ ልጄ። ለቅሶ ልድረስ ብሎ። ሰው በማያውቀው ሰው ለቅሶ እንዲያ ይንሰቀሰቃል? ሁለተኛው ጊዜ ሲወጣ፣ ‹አባባ፣ እሁድ አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ› አለኝ። እኔ ሌንጮን ለእርቅ ሊያመጣው መስሎኝ፣ ‹ያንን ሰው ደጄ ላይ አላይም› አልኩት። ‹እሱን አይደለም› አለኝ።»

«አዴ ብርቅዬ ከማረፋቸው በፊት የተናገሩት ነገር ነበር?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «‹ሰገሌ ሂን ደጌኜ› ነው ያለችኝ። ‹ድምፅ አልሰማሁም› ማለቷ ነው። ጆሮዋ ከእኔ ይሻል ነበር እኮ።»

ኡርጂ ሊሸኛት ሲወጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድንጋዩን ማን እንደደረደረው አልጠይቅህም። ዛሬ ጧት መኪና ሰምተሃል?»

ኡርጂ አመነታ። «መኪና አልሰማሁም። ድንጋይ ብረት ሲቀጠቅጥ ግን ሰምቻለሁ። ጭጋጉ ምንም አላሳየኝም።»

በመጨረሻ ዮአብን አስጠራችው። ከሠራተኞቹ መካከል ወጥቶ፣ በብስክሌቱ ቁልቁል መጣና የጫማውን ሶል የኋላ ጎማው ላይ አስደግፎ እየጎተተ ቆመ።

«ፍሬን የለውም?» አለችው።

«ከተበጠሰ ሰነበተ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ።»

«ጧት የት ነበርክ?»

«ቀድሜው ወጥቼ ፋብሪካ ገብቼ ነበር። ወሬውን ስሰማ ነው የተመለስኩት።»

«በመንገድ ወታደሮቹ ፈትሸውሃል?»

«ኪሴን ሳይቀር። መች ይቀራል?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በኦቦ ቦጂያ ግቢ ተሰበሰቡ። ሠራተኞቹ በአንድ ወገን፣ ሹፌሮቹ በሌላው፣ ወታደሮቹ በሩ ላይ። ሌንጮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነበር።

«ይህን ልጅ መኪና አልገጨውም» ብላ ጀመረች ገለቴ።

ጫጫታ ተነሳ። እስኪበርድ ጠበቀች።

«መኪና ከኋላ ቢደርስበት የኋላው ጎማ ይጣመም ነበር። አንፀባራቂዋ እንኳ ደህና ናት። የፊቱ ጎማ የተጨፈለቀው በድንጋይ ነው፤ ዱቄቱ አለበት። ድንጋዩም ከክምሩ ላይ ተነስቶ ተመልሷል፤ ሲመለስ ግን ተገልብጧል፣ ጫፉ ላይም የብረት ጭረት አለ። አንድ ሰው ሌላ ሰው ሞቶ አጠገቡ ተኝቶ ሳለ፣ መኪና የገጨው እንዲመስል ጎማውን ቀጥቅጧል።»

«ቀለሙስ?» አለ አንድ ሠራተኛ።

«ቀለሙ የትናንቱ ነው። መሪው የታክሲውን በር ሲፈትግ ያያችሁት እናንተው ናችሁ። መንገዱ ደግሞ ከላይም ከታችም ዝግ ነበር። ሌንጮ በየት በኩል ነድቶ ይገባል?»

ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «መንገድ የዘጉት ሰዎች መኪና አሳልፈው መልሰው ዘግተው ቢሆንስ? አለመከፈቱን ማን ያረጋግጣል?»

ገለቴ ቀኑን ሙሉ የፈራችው ይህንን ጥያቄ ነበር። መልሱን የያዘው ሰው የት እንደቆመ ታውቃለች። ወደዚያ ላለማየት መሬት መሬት አየች።

«እኔ» አለ ኡርጂ።

«ኡርጂ!» አሉ አባቱ።

«የዘጋሁት እኔ ነኝ። እስኪነጋ እዚህ በር ላይ ሆኜ ጠብቄዋለሁ። መኪና የሚያሳልፍ ቀዳዳ አልተከፈተም። ሌንጮ ባላደረገው ነገር ሁለተኛ ሲታሰር ቆሜ አላይም።»

ኮማንደሩ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ሁለት ወታደሮች መጥተው ኡርጂን በግራና ቀኝ ያዙት። ገለቴ እዚህ ላይ ካቆመች የልጁ ቃል በከንቱ ይቀራል።

«ኤልቃናን የገደለው ሽቦ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «አንገቱ ላይ ምልክቱ አለ። በባሕር ዛፉና በብረቱ መካከል ተወጥሮ ነበር፤ ልጣጩን ቆርጦታል፣ የብረቱንም ቀለም ልጦታል። ከፍታው ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው አንገት ልክ ነው። በጭጋግ፣ ቁልቁል ሲበር የሚመጣ ልጅ አያየውም። ቀጭን፣ የተገመደ፣ የማይበጠስ፣ ለዚያች ክፍተት የሚበቃ ሽቦ ምንድን ነው? የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው።»

ሠራተኞቹ አጥሩ ላይ ወደ ተደገፉት ብስክሌቶች ዞሩ።

«ዮአብ፣ ፍሬንህ መቼ ተበጠሰ?»

«ባለፈው ሳምንት ብዬሻለሁ... ብዬዎታለሁ።»

«ሌንጮ፣ ትናንት አመሻሽ ከመኪናህ ኋላ ምን አየህ?»

«ፍሬን ይዞ ጎማው ሲጮህ።»

«ሹፌር ታምናላችሁ?» አለ ዮአብ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «እነሱ ሊጨርሱን ነው እኮ!»

ከዚያ ከሠራተኞቹ መካከል አንዱ፣ ማርቆስ የሚባል፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔም ሰምቼሃለሁ፣ ዮአብ» አለ። «አጠገብህ ነበርኩ። ፍሬን ይዘህ ነበር።»

ገለቴ ወደ ዮአብ ብስክሌት ተራመደች። «ቦዩን ሁሉ አስፈትሼ ሽቦ አላገኘሁም። ከዚህ እስከ ፋብሪካው ያለው መንገድ በወታደር የተሞላ ነው፤ ሰው ሲጥል ያዩታል፣ ኪስም ይፈትሻሉ። ሳይፈተሽ የሚያልፈው ብስክሌቱ ብቻ ነው።» መቀመጫውን ፈትታ ነቀለችው። ጣቷን ከሥሩ ባለው ቱቦ ውስጥ ከትታ ሳበች። የተጠቀለለ ሽቦ ወጣ፤ ጫፉ ላይ የባሕር ዛፍ ልጣጭ ቃጫ ተሰክቷል።

ኤልሳቤት ተነሳች። አልጮኸችም። «ትናንት እራት ከእኛ ጋር አልነበር የበላኸው?» አለችው።

«ለምን ገደለው?» አለ ኮማንደሩ።

ገለቴ ወደ ኦቦ ቦጂያ ዞረች። «ባለቤትዎ ድምፅ አልሰሙም። መኪና በዚህ ቁልቁለት ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ ብስክሌት ግን አይሰማም። የገጫቸው ዮአብ ነው። ኤልቃና ከኋላው ሆኖ አይቷል። እሁድ ይዞልዎት ሊመጣ የነበረው ሰው እሱ ነው።»

ዮአብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ጭጋግ ነበር» አለ። «አላየኋቸውም። ሲወድቁ ደነገጥኩና ሸሸሁ። በነጋታው ሰው ሁሉ ሹፌር ገጫቸው አለ። እኔ አልዋሸሁም፤ ዝም ብቻ አልኩ። ኤልቃና ግን አላስቀምጥ አለኝ። እሁድ፣ እሁድ፣ እሁድ! እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለመንኩት። እንዲወድቅልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት፤ ተኝቶ እሁድ እንዲያልፍ...»

«ለመጣል ጎማው ሥር ይታሰር ነበር» አለች ገለቴ። «አንተ ያሰርከው አንገቱ ጋ ነው።»

ኦቦ ቦጂያ በትራቸውን ተደግፈው ወደ እሱ ቀረቡ። «ማሊፍ?» አሉት፤ ከዚያ በአማርኛ ደገሙት። «ለምን? መግጨትህ ይሁን፣ ጭጋግ ነው። ለምን ጥለሃት ሄድክ? ያኔ ብታነሳት እኮ ትተርፍ ነበር።» ከዚያ ወደ ሌንጮ ዞሩ። እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ያ ረዥም ሹፌርም አጎንብሶ ትከሻቸው ላይ አለቀሰ።

ኤልቃናን ሰበታ ድረስ የሚያደርስ መኪና ሲፈለግ፣ «እኔ አለሁ» ያለው ሌንጮ ነው። ሠራተኞቹ ተያዩ። ማርቆስ ቀድሞ ወጣና ድንጋዮቹን ማንሳት ጀመረ፤ ሁለት ሹፌሮች ተከተሉት። እርስ በርስ ግን አልተነጋገሩም።

ኮማንደሩ የገለቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ጥሩ ሠርተሻል። የቦጂያን ልጅ ጫኑት!»

«እሱ ባይናገር ኖሮ ንጹሕ ሰው ይቃጠል ነበር፣ ኮማንደር።»

«ለዚያ አመሰግነዋለሁ። መንገድ ስለዘጋ ደግሞ ይጠየቃል።»

ተከራከረች፤ አልሰማትም። ኦቦ ቦጂያ በሩ ላይ ቆመው ልጃቸው እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ሲወሰድ አዩ። ገለቴ በአጠገባቸው ስታልፍ አስቆሟት።

«የሚስቴን ገዳይ አገኘሽልኝ» አሉ። «ልጄን ግን ወሰድሽብኝ።»

የወታደሮቹ የጭነት መኪና ሞተር ተነስቷል። ኡርጂ ከፉሪ ከታፈሱት ወጣቶች ጋር ከኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ወታደር ዱላውን ይዞ ከላያቸው ቆሟል። ኮማንደሩ የጋቢናውን በር ከፈተላት።

«ግቢ እንጂ!»

አልፋው ሄደች። ጎማውን ረግጣ ወደ ኋላ ወጣችና ኡርጂ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወታደሩ ግራ ተጋብቶ ጥቂት አያት፤ ከዚያ ዱላውን ዝቅ አደረገ።

«እስከየት ነው የሚሄዱት?» አላት ኡርጂ በኦሮምኛ።

«አንተን እስከሚያወርዱበት» አለችው።