ወደ ግራ እግር የሚወርደው ነርቭ

«ልጅቷ ትንሽ ውጪ ብትቆይስ?» አለ ቀዶ ሐኪሙ እናትየዋን፣ የምርመራ ፊልሙን መብራቱ ላይ እየሰካ።

ልጅቷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በከፍታ ዝላይ የሚደርስባት ስለሌለ ጓደኞቿ «ፌንጣ» ይሏታል። የወገቧን ሕመም ሁሉም የልምምድ ነው ብሎ ነበር። ከወገቧ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ እንኳ ነርሷን ስታስቅ ነበር።

«የኔ ወገብ አይደል? እዚሁ ልስማው።»

ሐኪሙ እናትየዋን አየ። «ትስማ» አለች እናት።

«ዕጢ ነው» አለ ወደ ፌንጣ ዞሮ። «ክፉ ዕጢ። ከአጥንት ሳይሆን፣ ጡንቻ አካባቢ ካለው ለስላሳ ሥጋ ተነስቶ አከርካሪሽን ተጠግቶ አድጓል። እንዲህ ያለው ብዙ አያጋጥምም፤ እኔም ያየሁት ጥቂት ነው።»

ጆሮዋ ጭው አለ። አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ቃሉ ግን አይገባትም።

«አልሰማሁም። ይድገሙልኝ።»

ደገመላት። «በቀዶ ጥገና ይወጣል። ቆራርሰን ካወጣነው ግን ተመልሶ ይመጣል፤ ከነዙሪያው ማንሳት አለብን። ችግሩ፣ ወደ ግራ እግርሽ የሚወርድ አንድ ነርቭ መሐሉ ገብቷል። እሱ ቢቆረጥም መሄድ ትችያለሽ። የእግርሽን ጫፍ ወደ ላይ ማንሳት ግን አትችይም።»

«መዝለልስ?»

«አይመስለኝም።»

«ወይኔ ልጄን!» እናት ጮኸች። «ዶክተር፣ ነርቩን ይተዉላት! ትንሽ ቢቀርስ ምን ይላል?»

«ያ ትንሹ ነው መልሶ የሚያድገው፣ እናቴ።»

ኮሪደሩ ላይ ፌንጣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ግራ ጫማዋን አወለቀች። ጣቶቿን አነሳች፤ አወረደች፤ ደግማ አነሳች።

«ታያለሽ፣ እማ? ምንም አልሆነም እኮ።»

«አየሁ፣ የኔ እናት።»

ሁለቱም አለቀሱ። እናት አባትየውን በስልክ ስታስረዳ ፌንጣ ስልኩን ተቀበለቻት። «አባዬ፣ ነርቩን ይቁረጡት። ዕጢው በሙሉ ይውጣልኝ።» «እሺ፣ ልጄ» አለ አባቷ።

ቀዶ ጥገናው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ዕጢው ሳይቆራረስ ወጣ። ፌንጣ በማግስቱ አንሶላውን ገልጣ ግራ እግሯን ጫፉን እንዲያነሳ አዘዘችው። አልታዘዘም። እንዲህ እንደሚሆን እያወቀች እንኳ ክው አለች።

እንቅስቃሴ የሚያለማምዳት ባለሙያ ምርኩዝ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ዛሬ እንሞክር ወይስ ነገ?»

«ነገ ይሻላታል፤ ገና አልጠናችም» አለች እናት።

«አታካብጂ፣ እማ» አለች ፌንጣ። አልጋውን ጨብጣ ቀኝ እግሯን አወረደች። ግራውን በሁለት እጇ ደግፋ አስከተለችው።