ከኳሷ በፊት

ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ ዝም ትላለች። እናቴ ሱልጣና ዝም ብላ ነው የተዳረችው፤ አያቴም እንዲሁ። እኔም ዝም አልኩ፤ ልዩነቱ እኔ ሌላ ሰው በልቤ ይዤ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2012፣ ሰኔ ውስጥ ነው። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከሳን ሆዜ ተነስተው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ወዳለው አፓርታማችን መጡ። መሪያቸው ሼህ ይማም ናቸው። እሳቸው የገቡበት ነገር ሳይቋጭ አይቀርም ይባላል። የመጡት ሚልፒታስ ባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ለሚሠራ አንድ ኢንጂነር ነበር። አባቴ ከማለዲን ታክሲ እየነዳ ከአየር ማረፊያ ሰው ሲያመላልስ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ኢንጂነር የሚለውን ቃል ሲጠራው ራሱ ደስ ይለዋል።

ከጓዳ አስጠሩኝና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ቆምኩ። አባቴ ሰውየውን ትቀበዪዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «አይ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አባቴ ሰው ፊት ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀንም ማየት አልፈለግኩም። ምንጣፉን እያየሁ ቀረሁ። ሼህ ይማም ትንሽ ጠበቁና የልጃገረድ ዝምታ እሺታዋ ነው አሉ። የእጮኝነቱ ፋቲሃ ተቀራ፣ ቃል ተሰጠ። በሃያ አራት ዓመቴ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ታጨሁ።

ኮሌጅ በሌለኝ ቀን የምሠራው ኦክላንድ ስታዲየም ነበር። ከሜዳው በስተግራ፣ ከግድግዳው ራስ በላይ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ ቆሜ ሰዉን ወደየወንበሩ እመራለሁ። ስለ ቤዝቦል የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኳሷ ግድግዳው አናት ላይ ከተቀባው ቢጫ መስመር በላይ ከመታች ሆም ረን ነው፤ መቺው ዙሩን ጨርሶ ይገባል፣ ሰዉም ያብዳል። ከመስመሩ በታች ከመታች ግን ጨዋታው ይቀጥላል።

ሙጠሊብን ያገኘሁት ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ደረቱ ላይ ሳጥን አንጠልጥሎ ኦቾሎኒ ይሸጣል። በእንግሊዝኛ እየጮኸ መጥቶ አጠገቤ ሲደርስ ለራሱ በአማርኛ «እግሬ አለቀ» አለ። እኔም ፊቴን ሳላዞር «ታዲያ ቁጭ አትልም?» አልኩት። ሳጥኑ ከነኦቾሎኒው ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ እረፍቱን የሚወስደው እኔ ጋ ሆነ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ሳን ሆዜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይኖራል፣ የራጅ ቴክኒሺያንነት ይማራል፣ ለአንድ ሺፍት በአውቶቡስና በባርት ባቡር ሁለት ሰዓት ተጉዞ ይመጣል። ወሬኛ አይደለም። ሲያየኝ ግን ዓይኑን ቶሎ አይነቅልም፤ እኔም እንዲነቅል አልፈልግም ነበር። ወደድኩት። ሽማግሌ ልላክ ባለኝ ቁጥር ግን ቆይ እለው ነበር፤ አባቴ ምን እንደሚል አውቃለሁና። አሜሪካ ድረስ መጥቶ ኦቾሎኒ!

የፋቲሃውን ነገር ስነግረው ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ምን አልሻቸው?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ዝም አልኩ።»

ወደ ሜዳው ዞረ። «ሪሀና፣ ለእኔም እኮ እስካሁን ምንም አላልሽኝም» አለ። እውነቱን ነው። ቆይ እንጂ እወድሃለሁ ብዬው አላውቅም። ያን ጊዜም አላልኩትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየቀኑ እየጠበበኝ ሄደ። የጋብቻው ማሰሪያ ኒካው ከዒድ በኋላ፣ መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ሳን ሆዜ አዳራሽ ተያዘ። እናቴ ቀሚሴን ስትለካኝ ወገቤ መቅጠኑን አይታ ደስታ ነው አለች። ኢንጂነሩ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይደውላል። በልተሻል ወይ፣ ትምህርት እንዴት ነው፣ አባትሽ ደህና ናቸው ይለኛል። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ አልሐምዱሊላህ ባልኩ ነበር፤ ቢያንስ የምሸሽበት ምክንያት አገኝ ነበር። እያንዳንዱ ቀን የመናገሪያ ቀን ነበር፤ ሳልናገር ባለፈ ቁጥር ደግሞ የሚቀጥለው ይከብዳል። ሻወር ገብቼ ውሃውን ለቅቄ «አይ» ማለትን እለማመድ ነበር። ውሃውን ስዘጋ ድምፄም አብሮ ይዘጋል።

ሙጠሊብ በረመዳን ጾሙን ሆኖ፣ በዚያ ፀሐይ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ አየው ነበር። እኔ ጋ ግን አይቆምም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ እሁድ ቀን፣ ያለ ሳጥኑ መጣ። ሥራውን እንደለቀቀ ነገረኝ። የሰው ሚስት ልትሆን የተቃረበችን ልጅ ከሩቅ እያየ መዋል ለሃይማኖቱም ለልቡም እንዳልበጀው፣ ከዛሬ ወዲያ እዚያ እንደማይመጣ ተናገረ። እጄ የብረት ድጋፉ ላይ ነበር። እጁን እጄ ላይ አሳረፈው። በአምስት ወር ውስጥ አንድ ቀን ነክቶኝ አያውቅም። መዳፌን ገልብጬ ያዝኩት።

ኳሷ የተመታችው ያኔ ነው። ሰዉ ተነሳ፤ ቀና ስል ኳሷ በቀጥታ ወደ እኛ እየመጣች ነው። ሙጠሊብ በያዘኝ እጁ ወደ ራሱ ሳበኝ። ኳሷ ብረቱን ትምታ ግድግዳውን ሳይታወቅ፣ ጓ ብላ ወደ ሜዳው ተመለሰች። ዳኛው ሆም ረን አይደለም አለ። የእኛ ቡድን አሰልጣኝ እየተቆጣ ወጣ። ዳኞቹ ተሰብስበው ተመካከሩና አንዱ ሜዳ ቀርቶ ሦስቱ ቪዲዮውን ሊያዩ ወደ ውስጥ ገቡ። ግልጽ ማስረጃ ካልተገኘ መጀመሪያ የተባለው ይጸናል፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ሰባት ደቂቃ ቆዩ። እኔና ሙጠሊብ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቆመን እጃችንን አልተላቀቅንም።

ሲወጡ ዋናው ዳኛ ጣቱን ወደ ላይ አንስቶ አሽከረከረ። ሆም ረን ነው።

«የተባለ ነገር ይመለሳል ማለት ነው» አለ ሙጠሊብ በጩኸቱ መሃል። እንድናገር ጠበቀኝ። አልተናገርኩም። እጄን ለቆ ደረጃውን ወጣ።

በእነዚያ ሰባት ደቂቃዎች ቴሌቪዥኑ ያችን ኳስ እየደጋገመ ያሳይ ነበር፤ ከኳሷ ጀርባ ደግሞ እኔና እሱ ነበርን። ይህን ያየው ሌላ ማንም አይደለም፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት አቶ እንድሪስ ናቸው። ሳን ሆዜ ሱቅ አላቸው፤ ለደንበኛ ብለው ቴሌቪዥናቸውን ስፖርት ላይ ነው የሚያደርጉት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ቤታችን ተቀምጠው ነበር። ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አለ ተባለ፤ ላፕቶፕ ያለኝ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። የራሴን ጉድ በራሴ እጅ ከፈትኩላቸው። ቪዲዮው የሚጀምረው ኳሷ ከዱላው ስትነሳ ነው።

የእኛዎቹ ዳኞች ከስታዲየሙ ዳኞች ይበልጥ ቆዩ። አቶ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑ ላይ ሊተኙ ምንም አልቀራቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ኳሷ መስመሩን አለፈች አላለፈችም በሚለው ተጠምደው የእኔን ነገር ረሱት። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ወደ ስክሪኑ አላየም። ስድስቴ ደገሙት። በመጨረሻ ሼህ ይማም ይበቃል አሉ። ኳሷ ልትመታኝ እንደነበረ፣ ልጁ ጎትቶ እንዳዳነኝ፣ ነፍስ ማዳን ደግሞ ነውር እንደሌለበት ተናገሩ።

ቤቱ ተነፈሰ። አባቴ ሼሁን ትከሻቸውን ሳማቸው። ወዲያው ለኢንጂነሩ ተደወለ። እሱም ቪዲዮውን እንዳየ፣ ምንም ቅር እንዳላለው፣ ያንን ልጅ አግኝቶ ማመስገን እንደሚፈልግ በስፒከር ሰማን።

ቢቆጡኝ ኖሮ እታገል ነበር። ይቅር ሲሉኝ ግን የመጨረሻው በር የተዘጋብኝ መሰለኝ።

«እንዲህ ነው አይደል፣ ልጄ?» አሉ ሼህ ይማም።

አባቴ አየኝ። በዓይኑ ይለምነኝ ነበር። ከእኔ የሚጠበቀው እንደለመድኩት ምንጣፉን ማየት ብቻ ነው።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «ቪዲዮው የሚጀምረው ኳሷ ከተመታች በኋላ ነው። እጄን የያዘኝ ከኳሷ በፊት ነው። እኔም ይዤዋለሁ።»

ቀና ብዬ ሼሁን አየኋቸው።

«ሙጠሊብ ይባላል። እወደዋለሁ። በሰኔ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ አይደለም፣ ሼህ። ፈርቼ ነው። አባባን ላለማሳፈር ብዬ ይኸው የባሰ አሳፈርኩት።»

አቶ እንድሪስ ሊናገሩ ሲሉ ሼሁ በእጃቸው አስቆሟቸው። አንገታቸውን ደፉ። ዝምታ እሺታ የሚሆነው መናገር ላፈረች እንጂ መናገር ለፈራች እንዳልሆነ፣ ልጅቱ ከተናገረች ደግሞ የሚቆጠረው ንግግሯ እንደሆነ አስረዱ። «ያን ቀን ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቸኮልኩ» አሉ። «ፋቲሃውን የቀራሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባቴ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ታክሲው ሲነሳ ሰማን። እናቴ ከጓዳ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ጉልበቴን ያዘች።

ያን ምሽት ለሙጠሊብ ደወልኩለት። የተናገርኩትን ነገርኩት፤ ለእሱ ያላልኩትንም አልኩት። በተራው እሱ ዝም አለ፤ ቆይቼ ሲያለቅስ ሰማሁት።

በማግስቱ አባቴ መኪና ውስጥ ግቢ አለኝ። ራሱ የሰጠውን ቃል ለመመለስ ሰው አይልክም፤ ሚልፒታስ ድረስ ሄድን። ኢንጂነሩ የሥራ ባጁን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩን ከፈተ። ግቡ ቢለንም አባቴ አልገባም።

«ቃሌን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ልጄ» አለ። «ይቅር በለኝ።»

አባቴ ሰው ፊት ሲያፍር አየሁት። ለሦስት ወር የፈራሁት ነገር ይኸው ነበር፤ ከፈራሁትም ይበልጥ አመመኝ። ኢንጂነሩ ወደ እኔ ዞሮ በየጁምዓው ስደውልልሽ ለምን አልነገርሽኝም አለኝ። «ይቅርታ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። አባቴ ራዲዮኑን አልከፈተም። የተናገረው ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ ነው።

«ልጁ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እዚህ አገር ሽማግሌ የሚሆነው ሰው አለው?»

«የለውም፣ አባባ።»

ከጎን ልግባ ያለ መኪና ነበር፤ ቆሞ አሳለፈው።

«እንግዲያው ሼህ ይማምን ይላክብኝ» አለ። «እሳቸው ቤቱን ያውቁታል።»