የእማማ የሺመቤት ድንጋይ

አሰጋሽ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው። ቤቷ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ፣ በጥቁር አፈር ላይ ከተሠራው የስደተኞች ሰፈር ያለች አንዲት የሣር ጎጆ ናት። አገሯ ጭልጋ ነበር። አባቷን ደርግ ለሚሊሺያ ወሰደው፤ አልተመለሰም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ዝናቡም ጠፋ። እናቷ ወለተ ማርያም ልጇን ይዛ በመተማ በኩል ሱዳን ገባች።

ልጆች፣ በዚያ ሰፈር ከእህል ይልቅ የሚያስጨንቀው ውሃ ነበር። ውሃ በቦቴ መኪና ይመጣል። ቦቴው ስልሳ የዘይት ቆርቆሮ ሞልቶ ያልቃል። ቤቶቹ ደግሞ ሰባ ሁለት ናቸው። እስቲ ቀንሱ። አሥራ ሁለት ቤት በደረቁ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ ሕግ ወጣ፤ ዛሬ የቀረበት ነገ ከፊት ይሰለፋል፣ ዛሬ የደረሰው ነገ ከኋላ።

መቆም የማይችል ደካማ ሰው ደግሞ በወረፋው ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል። መኪናው ሲመጣ ልጆች ሮጠው ቆርቆሮውን ከጎጆው ያመጡና ከድንጋዩ ቦታ ያቆሙለታል። የሰው ድንጋይ አይነካም።

ይህን ወረፋ የሚጠብቅ አለቃ አስፈለገ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ ስማቸው አሰጋሽን ጠሯት። ቁጥር አትስትም፤ ዋሽታም አታውቅም።

«አሰጋሽ፣ በጸሎተ ሐሙስ ጌታችን ውሃ ይዞ ምን አደረገበት?»

«የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበበት፣ የኔታ።»

«አለቃ ማለት እሱ ነው። በይ ሂጂ» ብለው ነጭ ጨርቅ ክንዷ ላይ አሰሩላት።

መጀመሪያ ላይ አሰጋሽ መልካም አለቃ ነበረች። እያደር ግን «አለቃ» መባሉ ጣማት። ቆርቆሮ ደፍታ ጥላ ውስጥ ትቀመጥና «ጋረደው! ሩጥ! ምን ያንቀረፍፍሃል?» ትላለች። ጋረደው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። የደካሞቹን ቆርቆሮ ሁሉ ሮጦ የሚያመጣ እሱ ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጓደኛዋ ሉሉ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ነገ ከፊት ቆመሽ የምታዘምሪው በዚህ ቀሚስ ነው? የአመድ ጆንያ መስሏል እኮ!»

«በምን ልጠበው? ትናንት ደርሶናል። ዛሬ መጨረሻ ነን።»

«አለቃ ሆኖ መጨረሻ! እኔ ብሆን...»

«ምን ታደርጊ ነበር?»

ሉሉ በከንፈሯ ወደ ወረፋው መጀመሪያ አመለከተች። «ድንጋይ እንደሆነ አፍ የለው።»

ከፊት የነበረው ድንጋይ የነጠላ ጥለት ታስሮበታል። የእማማ የሺመቤት ነው። እማማ የሺመቤት ጉልበታቸው የከዳቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ትናንት ውሃው ሳይደርሳቸው አልቋል።

«አንድ ቀን ነው። ጎረቤት አያጣቸውም» አለች አሰጋሽ በልቧ። ልጆች፣ ኃጢአት ሲገባ ሁልጊዜ «አንድ ቀን ነው» ብሎ ነው። ግራ ቀኝ አየች። ድንጋዩን በእግሯ አንከባልላ ከእሾሃማው ቁጥቋጦ ሥር ከተተችው። በቦታው የራሷን ቆርቆሮ አቆመች።

ወዲያው የቦቴው አቧራ ታየ። ጋረደው የእማማን ቆርቆሮ አንጠልጥሎ እያለከለከ መጣ።

«አሰጋሽ፣ ድንጋዩስ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ስትጫወትበት የነበርከው አንተ!»

«እኔ? በማርያም አልነካሁትም!»

«ዝም በል! ድንጋይ የሌለው ተራ የለውም። ወደ ኋላ!»

ሴቶቹ ጮኹበት። «ይህ ቀልማዳ! የደካማ ተራ ያጠፋል?» አንዷ ጆሮውን ቆነጠጠችው። ጋረደው ባዶውን ቆርቆሮ አቅፎ ከሁሉ ኋላ ቆመ። ተራው ሳይደርስ የቦቴው የውሃ መቅጃ ጎማ አንዴ ተንቋርሮ ዝም አለ። ሾፌሩ ሙሐመድኑር እጁን አራገፈ። «ኸላስ!» አለ፤ አለቀ ማለቱ ነው።

በማግስቱ አሰጋሽ በታጠበ ቀሚስ፣ ዘንባባ ይዛ፣ ከፊት ቆማ አዘመረች። ጋረደው አልመጣም፤ እናቱ አፍራ ከቤት አላወጣችውም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግምና፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ በሆሳዕና ቀድሞ ይጸለያል። አሰጋሽም ለማን እንደሚሆን ሳታውቅ «አሜን» አለች።

ሲበተኑ የኔታ እንዲህ አሉ፦ «እማማ የሺመቤት ሕመም ጠንቶባቸዋል፤ ጠይቋቸው። ውሃ ጥም ቢጸናባቸው ትናንት እየዳኹ ሄደው ከብት ከሚጠጣው ኩሬ ጠጥተዋል።»

ቀሚሱ ገላዋን አቃጠላት። ቤት ገብታ የተረፈውን ውሃ ይዛ ሮጠች። እማማ የሺመቤት ከሰሌን ላይ ተኝተዋል። እግራቸው ላይ የኩሬው ጭቃ ደርቋል።

«አሰጋሽ ነሽ? ድንጋዬን ስትጠብቂልኝ ከርመሽ፣ ያ ሕፃን ጣለው አሉ። አትቆጡት፣ ልጅ ነው።»

«እማማ... እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ወደ እሷ ዞሩ። «ምን አደረግሽበት ውሃውን?»

«ቀሚሴን አጠብኩበት።»

እጃቸውን ሰደው የቀሚሱን ጫፍ ዳሰሱት።

«ጸድቷል» አሉ።

አሰጋሽ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

«በእኔስ በኩል እግዜር ይፍታሽ። ለዚያ ሕፃን ግን ስሙን መልሺለት» አሏት። አሰጋሽ ተንበርክካ ጭቃውን ከእግራቸው አጠበች።

እማማ የሺመቤት ማክሰኞ ዐረፉ። ፍትሐት የለም፤ የሆሳዕናው ጸሎት ለእሳቸው ሆነ።

ከቀብር መልስ አሰጋሽ በወረፋው ፊት ቆመች። «ድንጋዩን የጣልኩት እኔ ነኝ። ጋረደው ምንም አላጠፋም። ዋሽቼበት ነው።» እናቷ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። አሰጋሽ ነጩን ጨርቅ ፈትታ ለየኔታ ዘረጋች።

«ሹመቱን ስትጥዪው ጥፋቱ አብሮ ይወድቃል?» አሉ የኔታ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ድንጋዩን አምጪ።»

ከእሾሁ ሥር ገብታ፣ ክንዷ እየደማ አወጣችው። የኔታ ከፊት አስቀመጡት።

«የድንጋዩ ባለቤት ሞተዋል እኮ» አለ ጋረደው ቀስ ብሎ።

«በመተማ በኩል ዛሬም ሰው እየገባ ነው። ወረፋ የማያውቅ፣ መቆም የማይችል። የእነሱ ተራ መያዣ ይኸው» አሉ የኔታ።

አሰጋሽ የራሷን ቆርቆሮ አንስታ ከሁሉ ኋላ አቆመች። ከዚያ ወደ ጋረደው ሄዳ እግሩ ላይ ወደቀች። ጋረደው አፈረ። አቧራው ሲታይ ግን እንደ ልማዱ ተነሣ።

«ልሩጥ?» አላት።

«አይ፣ አንተ ጥላው ውስጥ ተቀመጥ። ከዛሬ ጀምሮ የምሮጥ እኔ ነኝ» አለችው።

ልጆች፣ የክርስቲያን አለቃ ደካማውን ከፊት፣ ራሱን ከኋላ ያሰልፋል፤ ሲያጠፋም «እኔ ነኝ» ይላል እንጂ በታናሹ አያላክክም።